መዳፌ ያተመው ጉድጓድ

አሁን የምኖርባት ደሴት ዓመቱን ሙሉ ትሞቃለች፤ ዝናቧ እንኳ ለብ ያለ ነው። ባለፈው በዓል ሰሞን አብረውኝ የሚሠሩ ሴቶች «አንቺ ከሥራና ከጸሎት በቀር በዓለም ላይ ሌላ ነገር ያለ አይመስልሽም» ብለው፣ ከባሕሩ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የድሮ ፍርስራሽ ይዘውኝ ወጡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሐረግ የተጠላለፈበት፣ የወደቀ ኮኮናት የሚበሰብስበት፣ ከእግር በታች የሚያዳልጥ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ፣ እየተጠነቀቅሁ፣ ከሁሉም ኋላ ደረስሁ።

ከላይ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው። የዛፍ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል። በአንደኛው ግድግዳ ላይ መርከብ ተቀርጿል፣ ዓሣ ተቀርጿል፣ ከነሱ መካከል ደግሞ አንድ የተዘረጋ መዳፍ። አስጎብኚው ማን እንደቀረጸው እንደማይታወቅ ነገረን። አትንኩ የሚል ጽሑፍ ስላለ አልነካሁትም፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ግን መዳፌን በአየር ላይ ዘረጋሁ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «ሰላም እያልሽው ነው?» አለች አንዷ። «እኔም በልጅነቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መዳፌን ትቼ ነበር» አልኋቸው። ወርደን ባሕሩ ዳር እስክንደርስ ታሪኩን ልነግራቸው ሞከርሁ። ግን የዘር ጉድጓድ በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ምርግ ምን እንደሆነም ማስረዳት አቃተኝ። ግማሹን ነግሬ ግማሹን ይዤ ቀረሁ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ የዚያ ዘመን ልጆች ብዙ ሳላብራራ ይገባችኋልና።

ያደግሁት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ባለው ደጋ ላይ ነው። ከሰፈራችን በላይ አንድ አምባ አለ። የአምባው ወገብ ላይ ከወጥ ቋጥኝ የተፈለፈለ የድሮ ቤት ነበረ፤ ድንጋይ ቤት እንለዋለን። የጣሪያው ግማሽ ተደርምሷል፤ የቀረው ግማሽ ዋሻ መስሎ ዝናብ ይከልላል። በዓምዶቹ ላይ መስቀል፣ ርግብ፣ የተጠመዱ በሬዎች ተቀርጸዋል። የኛ ቄሶች ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ በጦር ዘመን ፈረሰ ይላሉ። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አንድ ወልይ ዱዓ ሲያደርጉበት የኖሩበት ነው ይላሉ። ክርክሩ እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው፤ እስካሁንም ያለቀ አይመስለኝም። ሁለቱም ወገን ግን በአንድ ነገር ይስማማል። ድንጋይ ቤት ሲገባ ጫማ ያለው ጫማውን ያወልቃል፣ የሌለው እግሩን በሣር ይጠርጋል።

ከዚህ ክብር የተነሣ የሰፈራችን ሰው የዘር እህሉን የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። ቤት የተቀመጠ እህል ብዙ ዓይን አለበት። የባላባቱ ጭቃ ሹም እርቦውን፣ ከምርቱ ሩቡን፣ ከሰፈረ በኋላ እንኳ ተመልሶ ጎተራ ያንኳኳል፤ ሲርብ ደግሞ የገዛ እጅም ሌባ ነው። በድንጋይ ቤት ወለል ላይ የጥንት ሰዎች ለምን እንደፈለፈሏቸው የማይታወቅ፣ ገንዳ የሚመስሉ ጉድጓዶች ነበሩ። የኛው ርዝመቱ የአንድ ልጅ ቁመት ያህላል። አባቴ ገብሱን ከአመድ ጋር አሽቶ ይጨምርበታል፣ ጭድ ያለብሰዋል፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድነዋል፣ ከላይ ደግሞ በጭቃ ደህና አድርጎ ይመርገዋል። ጭቃው ሳይደርቅ የቤቱ ትንሽ ልጅ መዳፉን ያሳርፍበታል። ማኅተሙ ይኸው ነው። የልጅ መዳፍ ያረፈበትን ጉድጓድ የደፈረ ሰው የዘራው አይበቅልለትም ይባል ነበር። የሚከፍተውም ያተመው ልጅ ራሱ ነው፤ ስለዚህም በገዛ እጁ የዘገነው የመጀመሪያው እፍኝ የሱ ነው፣ ለቆሎ።

የኛን ያተምሁት እኔ ነኝ። ጭቃው ቀዝቃዛ እንደነበር፣ ጭዱ እንደሚወጋ አስታውሳለሁ። እጄን ቶሎ ላነሣ ስል አባቴ በትልቅ መዳፉ የእጄን ጀርባ ጫን አድርጎ ይዞ «አትቸኩዪ፣ ጭቃው ይወቅሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ዝናቡ ቀረ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት የነበረው ክፉ ዘመን ካልሁ ይበቃል። እኛ ደጋዎቹ ከምሥራቁ ቆላ ሰው የተሻልን ነን ይባል ነበር፤ የተሻልን ማለት ዘግይቶ የደረሰብን ማለት ነው። መጀመሪያ ያየነው ረኃቡን ሳይሆን መንገደኛውን ነው። በኩታበር በኩል፣ በማሻ በኩል አቆራርጦ የሚመጣ፣ ወደ ወግዲ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ለመግባት ያሰበ ሰው። እናቴ በመጀመሪያ ሰሞን ቆሎ ትሰጣቸው ነበር። ከዚያ ውሃ። በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ቆማ «አብሽሩ፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ማለት ብቻ ቀራት። አብሽሩ የእስላም ቃል ነው፣ ለክርስቲያን አይሆንም የሚል ሰው እኛ አገር አልነበረም። ማጽናኛ ቃል ከየትም ቢመጣ ቃል ነው።

የሰፈሩ ልጆች ጨዋታ ተውን። ፊደል የሚያስቆጥሩን የኔታ ትምህርቱን የበተኑት ተማሪ ጠፍቶባቸው አይደለም፤ ፊደሉን ጮኾ የሚል ድምፅ ያለው ልጅ ስለጠፋ ነው። ሳማ ቅጠል እየቀቀልን እንበላለን። እናቴ ግን ጾሟን አላፈረሰችም። ጎረቤታችን እትዬ ላቀች ቀልደኛ ነበረች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ የሌለ ምግብ ነው እንዴ የምትጾሚው?» ትላታለች። «ካለመብላቱ ላልቀር፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ልዋልበት» ትላታለች እናቴ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዘሩ እዚያው ተቀምጧል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ አምባው ያያል፣ ግን አይሄድም። «ዘሩን የበላ ከርሞውን በላ» ይል ነበር። በኋላ እሱንም ግርሻ ያዘው። ትኩሳቱ ይተወውና ይመለስበታል፣ ይተወውና ይመለስበታል፤ መደቡ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መጣ። አባቴ ሣር ክዳኑ ሲመታ ዓይኑን ገልጦ ብዙ ጊዜ አዳመጠ። «መሬቱ ዘሩን ጠየቀ» አለ። በዚያው ሰሞን ከመካነ ሰላም ገበያ የተመለሰ ዘመዳችን በራዲዮ የሰማውን ይዞ መጥቶ፣ ወታደሩ ተነሥቷል፣ ተማሪው ተነሥቷል፣ ባለታክሲው ተነሥቷል እያለ ሲያወራለት አባቴ «ሁሉም ከተነሣ እኔን የሚያነሣኝ ማን ነው ታዲያ?» ብሎ አሳቀን። በታመመ ሰው ቀልድ መሳቅ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚድን ያስመስለዋል።

ለእርሻው በሬ የሚያውሰን ሰው ተገኘ። የቀረው ዘሩን ማምጣት ነው። ያን ዕለት እትዬ ላቀች መጥታ እናቴን ወደ ጓሮ ጠራቻት። «ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል» አለቻት። «ድንጋይ ቤት ሰው ሰፍሮበታል አሉ። ጭስ ሲወጣበት ከርሟል።» የራበው ሰው እህል ላይ ተኝቶ እየከረመ እህሉን አያገኘውም ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። እኔ ፊት አንዱንም አልተናገሩም፤ በግድግዳው በኩል ግን ሰምቼ ነገሩ ገብቶኛል። ዘሩ ከሌለ፣ የታመመ አባቴን ተሸክመን ወይም ትተን፣ እኛም የመንገዱ ሰዎች ልንሆን ነው።

ከንጋቱ ጋር ወጣን። እናቴ ስልቻና ዶማ ይዛለች፤ እኔን «አንቺ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነይ» ብላኛለች። ለወራት አቧራ የነበረው መንገድ ጭቃ ሆኖ እግራችን ላይ ሲለጠፍ ደስ ይል ነበር። ውሃ የጠገበ አፈር ይሸታል፤ ጽዱና አስታው የሌሊቱን ዝናብ ያንጠባጥባሉ። እናቴ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች ትወጣለች። ዳገቱ ሲጸናባት ጸሎቱ ይቆራረጣል፣ ሜዳ ሲሆን ይቀጥላል። እኔ የማስበው ስለ እፍኜ ነበር፤ እንዴት ጣቶቼን አስፍቼ እንደምዘግን።

«እማዬ፣ እጄ አድጎ ማኅተሙ ባይገጥመኝስ?»

«ምን በልቶ ያድጋል?» አለችኝ ዞር ሳትል። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ተመልሳ እጄን ሳመችውና መንገዷን ቀጠለች።

አምባው ወገብ ላይ ስንደርስ ጭሱን አየነው። ቀጭን ነው፣ ከተደረመሰው ጣሪያ መሐል ቀጥ ብሎ የወጣ። እናቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ዳገት ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ማተቧን ይዛ «በልተውት ከሆነ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ጠብቀኝ» አለች። ከዚያ ተነሣች፤ እግሯን በሣር ጠረገች፣ እኔም ጠረግሁ፣ ገባን።

ውስጡ ጭስና የተቀቀለ ሳማ ይሸታል። እግራቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ የበሬዎቹ ቅርጽ ያለበትን ዓምድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው እሳቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ስማቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ አባባ ይማምና እማማ ፋጡማ ይባላሉ፣ ከምሥራቁ ቆላ የመጡ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ» አለች እናቴ።

«ወአለይኩም ሰላም፤ ግቡ፣ ቤቱ የረቢ ነው» አሉ ሽማግሌው።

የእናቴ ዓይን ጉድጓዱን ይፈልጋል። ጉድጓዳችን የነበረበት ቦታ ዙሪያውን በድንጋይ ተከቧል። ከላይ እሾህ ተከምሮበታል፣ ከእሾሁ ላይ ደግሞ ገና ያልጠወለገ የጽድ ቅርንጫፍ ተደርጓል። ይህን እኛ አላደረግነውም። እናቴ ስልቻውን ጣል አድርጋ እሾሁን በዶማው መግፋት ጀመረች።

እማማ ፋጡማ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደተነሡ እንጃ። የዶማውን እጀታ ያዙ። «ምን ልታደርጊ ነው አንቺ?»

«ላወጣው ነው እናቴ፣ ይልቀቁኝ።»

«ልታወጪ?» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ጅብ ያልደፈረውን ሰው ይደፍረዋል? ይማም ተነሥ፣ ቀብር ልትቆፍር መጥታለች።»

«የምን ቀብር?»

«ዓይን የለሽም? የልጅ ቀብር ነው። እጇን አታይም?»

እናቴ ግራ ተጋባች። ረኃብ የሰውን አእምሮ እንደሚነካ አይታለችና ቀስ ብላ «እናቴ፣ እዚህ ያስቀመጥነው እኛ ነን። እኔና ባሌ ነን» አለቻቸው።

እማማ ፋጡማ እጀታውን ለቀቁ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ተለወጠና እናቴን አንገቷ ላይ ተጠመጠሙባት። «እናቷ ነሽ? አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። አልተነካችም። አንድ ሌሊት እንኳ ብቻዋን አላደረች። ይማም ቁርዓን ይቀራላታል፣ እኔ አለቅስላታለሁ። ክርስቲያን ትሁን እስላም አላወቅን፣ የምናውቀውን ሁሉ ብለንላታል።» እያሉ አለቀሱ። እናቴም ስለ ምን እንደሚያጽናኗት ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። የዚያ ዘመን ሰው ለልቅሶ ምክንያት አያጣራም ነበር።

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለኔ ነው። እሾሁ በተገፋበት በኩል ምርጉ ታየኝ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መዳፉ ግን ጣቶቹ ተዘርግተው እንዳለ ነው። የልጅ ቁመት ያለው ምርግ፣ በራስጌው የልጅ እጅ። የኛን ልማድ የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው፣ ልጆች እንደ ቅጠል በሚረግፉበት ዘመን፣ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ተንበርክኬ እጄን ማኅተሙ ላይ አሳረፍሁ። ጣቶቼ ከምልክቱ ጥቂት አልፈው ወጡ።

«የኔ እጅ ነው እማማ» አልሁ። «አልሞትሁም። ከሥሩ ያለው ገብስ ነው።»

እማማ ፋጡማ አጠገቤ ተንበረከኩና አንጓዬን ያዙ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካኳቸው፤ መዳፌን ገልብጠው አዩ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ይችው ናት?» ሲሉ እናቴን ጠየቋት። እናቴ አሁን ገብቷት እጇን በአፏ ላይ ጭናለች። «ይችው ናት» አለች።

«ይማም» አሉ እማማ ፋጡማ፣ አንጓዬን ሳይለቁ። «እጇ ይሞቃል። አድጋለች እኮ።»

አባባ ይማም ከዓምዱ ሥር እኔን አዩ፣ ምርጉን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። «ታዲያ አንቺ ሴትዮ» አሉ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ገብስ ላይ ነው ስታስቀሪኝ የከረምሽው?» መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። «ሆዴ እየጮኸ ዱዓዬን ሲያቋርጠኝ፣ ጎተራ ራስጌዬ ተኝቶ!» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ እማማ ፋጡማም ዕንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሳቋ በተፈለፈለው ቋጥኝ ውስጥ ዞሮ ሲመለስ ሌላ ሰውም አብሮን የሚስቅ ይመስል ነበር።

ኋላ እማማ ፋጡማ ነገሩን አስረዱን። መዲና የምትባል የኔ እኩያ ልጅ ነበረቻቸው፤ በስተእርጅና ያገኟት። መንገድ ላይ ሞተችባቸው። ዶማ የላቸውም፣ አባባ ይማም ትኩሳት ላይ ናቸው፣ አብሮ የሚጓዘው ሰው አይጠብቅም። ቋጥኝ ሥር አጋድመዋት፣ ድንጋይ ከምረውባት፣ የሚገባው ሳይባልላት ትተዋት ሄዱ። ድንጋይ ቤት ገብተው ያቺን መዳፍ ሲያዩ እማማ ፋጡማ «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አሉ። ለራሳቸው ልጅ ያልደረሰላትን ሁሉ ለዚህች ለማያውቋት አደረጉላት። ብርድ የሸሹ ሌሎች መንገደኞችም ገብተው ነበር፤ የልጅ ቀብር አለ ሲሏቸው ከጉድጓዱ ርቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አደሩ። ዘራችን የተረፈው በዚህ ነው። ተአምር ነው ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለውን ቃል በዋዛ መጠቀም አልወድም። ግን ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

እናቴ ዶማውን ለኔ ሰጠችኝ። ከማኅተሙ ጫፍ ጀምሬ ምርጉን ሰበርሁ። ድንጋዩ ሲነሣ አመድና ደረቅ ጭድ ሸተተን፤ ከዚያ ገብሱ። እናቴ እጇን እስከ ክርኗ አግብታ ከታች ያለውን ዘግና አወጣች፣ አሸተተች፣ አንዷን በጥርሷ ሰበረች። ኮሽ አለ። አልነቀዘም፣ አልሻገተም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

እኔም እፍኜን ዘገንሁ። ጣቶቼን አስፍቼ ነበር፤ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲያዩኝ ሳይ ለራሴ መያዝ አቃተኝ። «ያንቺ ነው ልጄ፣ ዝገኚ» አሉ እማማ ፋጡማ። እናቴ ወደ ጉድጓዱ አየች። ቁጥብ ሰው ናት፤ ዘር አይበላም ብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እቤት አባቴ ይጠብቃል፣ ያቺ ገብስ ለማሳው ትብቃ አትብቃ እንኳ ገና አልታወቀም። ብዙ አሰበች። ከዚያ በሁለት እጇ ሙሉ ዘግና እማማ ፋጡማ ሸክላ ውስጥ ጨመረችው፤ ደግማም ጨመረች።

«ይሄ ምጽዋት አይደለም» አለች። «ማሳ የጠበቀ ሰው የጠባቂ ድርሻ አለው።»

«ሳናውቅ ነው እኮ የጠበቅነው» አሉ አባባ ይማም።

«የሚያውቅ ጠባቂማ ይሰርቃል» አለች እናቴ።

የኔንም እፍኝ ከነሱ ጋር ቀላቅለን ቆላነው። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበርና እናቴ ጥላው እስኪዞር ጠበቀች፤ እኛ እየቆረጠምን እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ሸለቆውን ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆሎ በልቻለሁ። የዚያን ዕለቱን የሚያህል የለም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ በጣም አርሮ ነበር፣ ሁላችንም ሳቅ ላይ ስለነበርን ማንም አላማሰለውም።

ስልቻውን ተሸክመን ወረድን። አባቴ መደቡ ላይ ሆኖ እናቴ በሩን ስትገፋ ፊቷን ብቻ አይቶ «አለ» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ትከሻው ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር ሲወርድለት አየሁ። በማግሥቱ የጎረቤት በቅሎ ተለምኖ አባባ ይማምና እማማ ፋጡማ እኛ ቤት መጡ፤ ክረምቱን ከኛ ጋር ከረሙ። አባቴ ሲያገግም ሁለቱ ወንዶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚከራከሩት ያ ገብስ የበቀለው በማን ጸሎት ነው በሚል ነበር። «ቡቃያው የቀራሁበት ነው፣ አረሙ ያንተ ነው» ይሉታል አባባ ይማም።

አዝመራው ያማረ ነበር። መስከረም ላይ ንጉሡ ወርደዋል ተባለ፤ እኛ ልጆች ከየት ወደየት እንደወረዱ እንኳ አልገባንም። በዚያ ኅዳር የባላባቱ ጭቃ ሹም እርቦ ሊሰፍር አልመጣም። አባቴ ግን ጠንቃቃ ነው፣ ይመጣ ይሆናል ብሎ ድርሻውን ለብቻው ለይቶ አስቀመጠለት። ሰውየው ብቅ ሳይል ገና አለፈ። እማማ ፋጡማና አባባ ይማም አገራችን ዘንቧል አሉን ብለው ለመመለስ ሲነሡ እናቴ «ለማይመጣ እንግዳ እህል አይቀመጥም» ብላ ያንን እርቦ ለነሱ ስንቅ አደረገችው። ስለ አብዮት ብዙ ተጽፏል፣ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም። ከዚያ የመጣው ዘመን ደግሞ የራሱን ለቅሶ ይዞ መጣ፤ እሱ የሌላ ቀን ነው። እማማ ፋጡማ ሲሄዱ ዶማ እንድንሰጣቸው ጠየቁ። ያቺን ቋጥኝ አውቃታለሁ፣ መንገዴ ላይ ናት አሉ። አባቴ አዲሱን ዶማ ሰጣቸው።

ከዓመታት በኋላ እማማ ፋጡማን ኩታበር ገበያ ላይ ያገኛቸው ዘመዳችን «ያቺ የገብሷ ልጅ ደህና ናት ወይ?» ብለው እንደጠየቁት ነገረን። መዲናን አፈር እንዳለበሷት፣ አባባ ይማምም ከራስጌዋ ተቀምጠው ቁርዓን እንደቀሩላት እንድነግራችሁ ብለዋል አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠችና «ተመስገን፣ እኔንም አሳርፎኛል» አለች።

ያኔ እህላችንን የምንቆልፈው በጭቃና በልጅ እጅ ነበር። አሁን በምኖርበት አገር ለቤቴ በር ቁልፍ አለኝ፣ ለሣጥኔ ቁልፍ አለኝ፤ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ስሜን ግን በትክክል አይጠሩትም። ለአገራችን ሰው ባዕድ አገር መሞት የሚያስፈራው ሞቱ አይደለም፣ አልቃሽ ማጣቱ ነው። በቅርቡ አንዲት የአገሬን ልጅ እዚህ፣ ከኮኮናቱ ዛፎች ሥር ቀበርን። በጣት የምንቆጠር ነበርን። ስንመለስ ከመካከላችን አንዷ «እኛንስ ማን ያለቅስልን ይሆን?» አለች። ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ግን ፈርቼ አልነበረም። ከመሞቴ በፊት፣ በዚያ በረኃብ ዘመን፣ ስሜን የማታውቅ እናት ራስጌዬ ተቀምጣ ሌሊቱን ሁሉ አልቅሳልኛለች፤ ባሏም የሚያውቀውን ሁሉ ብሎልኛል። ማታ ስጸልይ የሁለቱን ስም ከወላጆቼ ስም ቀጥሎ አነሣለሁ። በነሱ ደንብ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ እልላቸዋለሁ። ለኔ ተለቅሶልኛል፤ የቀረኝ መኖር ብቻ ነው።